ፊደልን በሥዕል ለሕፃናት ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ፊደል ሳስተምር እጄ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ጠመኔ ሳይሆን ብሩሽ ነው። ወላጆች ክፍሉን ሲያዩ መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። ወለሉ ላይ ጭቃ አለ፣ ግድግዳው ላይ ቀለም አለ፣ ልጆቹ አንድ እግራቸውን አንስተው ቆመዋል። "እየተማሩ ነው ወይስ እየተጫወቱ?" ይሉኛል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፣ ከዚያ ሌላ። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ፊደል ለማስተማር ሥዕል ምን ይሠራል?

"ቀለም" የሚለውን ቃላችንን እስቲ አስቡት። ሠዓሊ የሚቀባው ቀለም ነው። ጸሐፊ ብርዑን የሚነክርበትም ቀለም ነው። ጎበዝ ተማሪ "ቀለሜ" ይባላል። ያልተማረ ሰው "ቀለም አልቆጠረም" ይባላል። መሣልና መማር በአማርኛ አንድ ቃል ይጋራሉ። እኔ ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው።

ለትንሽ ልጅ ደግሞ ሁለቱ ገና አልተለያዩም። እኛ "ሰ"ን ስናይ ድምፁን እንሰማለን። ዓይናችን ስለለመደ ቅርጹን አናየውም። የ3 ዓመት ልጅ ግን ድምፅ አይሰማም። የሚያየው ሁለት እግር ያለውና ራሱ ሾጠጥ ያለ ነገር ነው። ያን ዓይን ልንጠቀምበት እንችላለን። ወይም "ዝም ብለህ በል፣ ሰ!" ብለን ልናልፈው እንችላለን።

ፊደሉ ራሱም ከሥዕል የመጣ ነው። ከግዕዝ ፊደላት ጥንታዊ ስሞች ጥቂቶቹን ተመልከቱ። በ "ቤት" ይባላል። ረ "ርእስ" ነው፣ ራስ ማለት ነው። ዐ "ዐይን" ነው። ፈ "አፍ" ነው። መ "ማይ" ነው፣ በግዕዝ ውሃ። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት እነዚህ ምልክቶች የቤት፣ የራስ፣ የዓይን፣ የአፍና የውሃ ሥዕሎች ነበሩ። ዐ እስካሁን እንደ ዓይን ክብ ናት። ስለዚህ ልጁ ፊደልን ሲሥል አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

በስንት ዓመቱ ልጀምር?

ሥዕሉን አሁኑኑ፣ ፊደሉን ቀስ ብሎ።

የ2 ዓመት ልጅ ይሞነጫጭራል። 3 ዓመት አካባቢ ክብ መሥራት ይችላል። 4 ሲሞላው መስቀለኛ መስመር ይሠራል። አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ሦስት ማዕዘን 5 ዓመት አካባቢ። ይህን ቅደም ተከተል ካወቃችሁ ከየትኛው ፊደል ምን መጠበቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ክብ የሚሠራ ልጅ ዐን መሥራት ይችላል። መስቀለኛ የሚሠራ ልጅ ተን ይሞክራል። ከዚያ በፊት "ጨን ጻፍ" ማለት እጁ የማይችለውን መጠየቅ ነው። ማየትና መለየት ግን ይችላል። ፊደል ማወቅና ፊደል መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማወቁ ቀድሞ ይመጣል።

በቀን ስንት ደቂቃ?

10 ወይም 15። ልጁ ራሱ ካልጨመረ አትጨምሩ።

ከሀ መጀመር የለብኝም?

የለባችሁም። ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ በዜማ መቁጠር ትልቅ ሀብት ነው፤ ከየኔታ ጀምሮ የወረስነው ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ዜማው ይቀጥል። ቅደም ተከተሉን በጆሮው ይያዘው። እጁና ዓይኑ ግን ከሌላ ቦታ ቢጀምሩ ይሻላል። ከስሙ።

ዳዊት የሚባል ልጅ አለ እንበል። በሰንጠረዡ ተራ ከሄድን "ዳ" እስኪደርስ ብዙ ይጠብቃል። "ዊ"ም፣ "ት"ም የየቤታቸው የመጀመሪያ ፊደል አይደሉም። ልጁ ግን በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው እነዚያን ሦስቱን ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ስሙን በወፍራሙ ጻፉለት። በጣቱ ቀለም እየነከረ ይሙላው። በማግስቱ ምስር ይለጥፍበት። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ስቀሉት። በሳምንቱ ውስጥ "ዳ"ን ሱቅ ታፔላ ላይ አይቶ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ("ታፔላ ላይ ስሜ አለ!" ይላል። ዳቦ ቤት ነው፣ "ዳቦ" የሚለው ላይ ነው ያገኘው።)

ፊደሉንና ሥዕሉን እንዴት ነው የማገናኘው?

ይህ ዋናው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የፊደል ገበታ ብዙ ጊዜ ከፊደሉ አጠገብ ሥዕል አለው። አ፣ ከጎኑ አንበሳ። ነ፣ ከጎኑ ነብር። ጥሩ ነው፤ ግን አንበሳው የአን ቅርጽ አይመስልም። ልጁ አንበሳውን አይቶ "አንበሳ" ይላል፣ ፊደሉን ሳያየው ያልፋል። ሥዕሉን ብትሸፍኑበት ዝም ይላል።

የሚሠራው ሥዕሉ ፊደሉ ውስጥ ሲገባ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ላይ ሊኒያ ኤሪ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ ፈትነዋል። ሥዕሉ የፊደሉን ቅርጽ ሲይዝ ልጆቹ በተሻለ ሁኔታ አስታወሱት። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው።

በ፣ በር ነው። ሁለት መቃንና ከላይ ጉበን። ልጁ ትልቅ በ ላይ መዝጊያ፣ ቁልፍ፣ ከበሩ የሚወጣ ሰው ይሥላል።

መ፣ መነጽር ነው። ሁለቱ ክቦች ሁለቱ መስታወቶች ናቸው። ዓይን ጨምሩበት፣ አፍንጫ ጨምሩበት፣ አያቴ ሆነ።

ጠ፣ ጠረጴዛ ነው። ሦስት እግር አለው። በላዩ ላይ ምን ይቀመጥ? ዳቦ? ስኒ? ልጁ ይወስን።

ቀ፣ ቀለበት ነው። በጣት ላይ የገባ ቀለበት።

ወ፣ ወንፊት ነው። ክብ፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለው። ዱቄት ነስንሱበት።

ዐ፣ ዐይን ነው። ሽፋሽፍት ይጨመርበታል።

ፀ፣ ፀሐይ ናት። ክቧን ቢጫ ቀቡ፣ ጨረር አውጡላት።

ሎ፣ ሎሚ ይዟል። በቀለበቷ ቦታ ሎሚ ይሣልባታል።

ሰ ደግሞ ሰው ነው፤ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው። የእኔ ልጆች ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሰው ፊት አለው፣ ልብስ አለው፣ ስም ይወጣለታል። አንድ ቀን ያ ሰው ኮፍያ ያደርጋል። ሸ ይሆናል። ሸማኔ!

ከዚህ ኮፍያ ደግሞ ትልቅ ነገር ይወጣል። ግዕዝ 26 ፊደላት አሉት። አማርኛ ሲጻፍ ለራሱ ድምፆች ሰባት ጨመረ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። ከጨ በስተቀር ሁሉም ራሳቸው ላይ የተጨመረባቸው ናቸው። ሰ ኮፍያ ሲያደርግ ሸ። ተ ሲያደርግ ቸ። ነ ሲያደርግ ኘ። ከ፣ ዘና ደም እንደዚያው። (ጨ ለውጡን ያደረገው እግሩ ላይ ነው፣ ጫማ ገዛ እንላለን።) ከካርቶን ትንንሽ ኮፍያዎች ቆርጣችሁ ለልጁ ስጡት። ተን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ኮፍያውን ያድርግለት፣ ያውልቅለት። "ተ፣ ቸ፣ ተ፣ ቸ" እያለ ይስቃል። ድምፁ ለምን ተቀራራቢ እንደሆነ ሳትነግሩት በጆሮው ይይዘዋል።

እነዚህን ሁሉ እኔ አስቤ አልጨረስኳቸውም። ብዙዎቹን ልጆች ናቸው ያዩዋቸው። "ሀ ምን ትመስላለች?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጎድጓዳ ሳህን ይላል፣ ሌላዋ የላም ቀንድ ትላለች። ከሀ የሚጀምር ቃል ባይሆንም ግድ የለም። አንዴ ያየውን አይረሳውም።

ፊደሉ 231 ነው! ሁሉን እንዴት ይሥላል?

33 ፊደላት በ7 ተባዝተው 231 ይሆናሉ፣ እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳ ሳይቆጠሩ። ሲሰሙት ያስፈራል። ግን ልጁ 231 ቅርጽ አይማርም። 33 ሰዎችን ይማራል፣ እያንዳንዱ ሰው ሰባት ነገር ያደርጋል።

በን ውሰዱ። ግዕዙ በ ዝም ብሎ ቆሟል። ካዕቡ ቡ በቀኝ በኩል እጁን ዘረጋ። ሣልሱ ቢ በቀኝ እግሩ ጫማ አደረገ። ራብዑ ባ ግራ እግሩን አነሳ። ኃምሱ ቤ ቀኝ እግሩ ሥር ኳስ አለው። ሳድሱ ብ በግራ በኩል እጁን ዘረጋ። ሳብዑ ቦ ቀኝ እግሩን አነሳ።

አሁን ወረቀቱን ተዉትና ቁሙ። ልጆቹ በአካላቸው ይሥሩት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ካሳያችኋቸው ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ ስንት ልጅ ባን ቦ እያለ እንደሄደ አላውቅም፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከአካል በኋላ ወደ ሥዕል ተመለሱ። ኳስ ለቤ፣ ለሴ፣ ለኬ፣ ለዜ ይሥሉ። አራት ቤት፣ አንድ ኳስ። ልጁ ራሱ "ይሄም ኳስ አለው፣ ስለዚህ ሴ ነው!" ሲል በዚያች ቀን ብዙ ፊደል በአንዴ አወቀ ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ሕጉን ከሚጠብቁት ጀምሩ፦ በ፣ ሰ፣ ከ፣ ዘ። ረና ፈ ሕጉን አይጠብቁም። ሳድስ ደግሞ በየቤቱ መልኩን ይቀያይራል። "ሳድስ አስቸጋሪው ልጅ ነው" እላቸዋለሁ፣ እነሱም ለሳድስ የተለየ ቀለም ይሰጡታል። እሱን በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ።

ውድ ቀለም መግዛት አለብኝ?

ምንም መግዛት የለባችሁም። ወጥ ቤት ግቡ።

እርድ በትንሽ ውሃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ እንደማይለቅ እወቁ፣ አሮጌ ቲሸርት አልብሱት። ቀይ ሥር ተፍቆ ሲጨመቅ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። የቡና አተላ ቡናማ ነው። የቆስጣ ጭማቂ ቀለል ያለ አረንጓዴ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ግን ይደበዝዛል። ከሰል ጥቁር ነው፣ አስፋልትም ላይ ይሠራል። በርበሬ ቀለሙ ቢያምርም አትስጡት፣ እጁን ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል።

ብሩሽ ከሌላችሁ መፋቂያ አለ። የወይራ መፋቂያ ጫፉ ሲታኘክ ይበተናል። ጥሩ ብሩሽ ነው። አንዱን ለየአንዱ ቀለም አድርጉት።

ለቅርጽ ደግሞ ሊጥ። በሻይ ብርጭቆ 2 ዱቄት፣ 1 ጨው፣ ወደ 1 የሚጠጋ ውሃ። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ እጅ ላይ መለጠፉን ሲተው ይበቃዋል። ልጁ እንደ እባብ ያድቦለቡለዋል፣ ከዚያ ፊደሉን ያጣጥፈዋል። ጥላ ቦታ ለጥቂት ቀናት ሲቆይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቀባል። ሊጥ የማድቦልቦል ጥቅሙ ከፊደሉም ያልፋል። እርሳስ የሚይዙት ጡንቻዎች የሚጠነክሩት በዚህ ነው። እንጀራ ቤት ውስጥ ሲጋገር ከሊጡ ትንሽ ቆርሶ የሚጫወት ልጅ ያየ ሰው ይገባዋል።

ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ መለጠፍም ይወዳሉ። ግን ከ3 ዓመት በታች ለሆነ አትስጡ፣ ለትልልቆቹም አጠገባቸው ሁኑ። ጥሬ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ሲርስ ያብጣል።

ስሙንም ሆነ ፊደሉን ገልብጦ ይጽፋል። ችግር አለበት?

እስከ 6 እና 7 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። ኩባያ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ኩባያ ነው። ልጁ እስካሁን የኖረው በዚህ ሕግ ነው። ፊደል ብቻ ነው ሲዞር ሌላ የሚሆነው።

በእኛ ፊደል ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሲገለበጡ ሌላ ፊደል የሚሆኑ አሉ። ባ እና ቦ። ሳ እና ሶ። ካ እና ኮ። ዛ እና ዞ። ልጁ "ባቡር" ብሎ የጻፈው "ቦቡር" ይሆናል። አትቆጡ። እግሩን ያነሳውን ሰው አስታውሱት፦ "ይሄ ሰውዬ የትኛውን እግሩን ነው ያነሳው?" በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ቀይ ክር እሰሩለት። ለብዙዎቹ ይበቃል።

7 ዓመት አልፎት ጨርሶ ካልተስተካከለ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን ፊደል ማየት ራሱ የሚያስጨንቀው ከሆነ፣ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ።

በግራ እጁ ነው የሚሥለው፣ ላስቀይረው?

አታስቀይሩት። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፣ በግራ በኩል አስቀምጡት፣ ይበቃል።

እርሳስ መቼ ልስጠው? በጭብጡ ነው የሚይዘው።

3 እና 4 ዓመት ላይ በጭብጥ መያዝ ያለ ነው። ጣቱን እየጠመዘዛችሁ አታስተካክሉ። የተሰበረ አጭር ከለር ስጡት። አጭር ነገር በጭብጥ አይያዝም፣ ጣቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። የተሰባበሩ ከለሮችን ስትጥሉ የነበራችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ አስቀምጡ። ቀጭን እርሳስና የተሰመረ ደብተር 5 ዓመት አካባቢ ሲደርስ፣ ጣቶቹ ሲጠነክሩ።

እኔ ሥዕል አልችልም። እንዴት ላስተምረው?

አለመቻላችሁ ይጠቅመዋል። ችሎ የሚሥል ወላጅ ሳያስበው የልጁን ወረቀት ይወስዳል። "እንዲህ ነው የሚሠራው" ብሎ ቆንጆ በር ይሥልለታል። ልጁ የራሱን በር ያየውና እርሳሱን ያስቀምጣል። ከዚያ "አንቺ ሣይልኝ" ማለት ይጀምራል፣ ይህ ቃል አንዴ ከመጣ ለመመለስ ብዙ ይለፋበታል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። አንድ ልጅ በን በር አድርጎ፣ ከበሩ ውስጥ ጅብ ሥሎ አመጣልኝ። እኔ የተናገርኩት ስለ ጅቡ አልነበረም። "ቀለሙ ከመስመሩ ወጣ" አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ጥቁር ከለር ብቻ ይዞ መስመር ብቻ ነበር የሚያሰምረው። ዛሬ ልጅ ወረቀት ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ "ንገረኝ።" ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ቀለም የሚቀቡ ወረቀቶችስ?

አልፎ አልፎ ይሁኑ፣ መኪና ውስጥ ወይም ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠበቅ። ግን ሥዕል ብላችሁ አትቁጠሩት። እዚያ ላይ የሣለው ሌላ ሰው ነው። ልጁ መሙላት ብቻ ነው የቀረው። ባዶ ወረቀት ይሻላል፣ የካርቶን ጀርባም ቢሆን።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ... ሰ፣ ሠ... አንድ ድምፅ ነው። ልጁን ግራ አያጋባውም?

መጀመሪያ ላይ አንዱን ብቻ አስተምሩ። ሌሎቹን በምትወዱት ቃል አስተዋውቁ። ሠን "ሥዕል" በሚለው ቃል፣ ፀን በፀሐይ፣ ዐን በዐይን። "ይሄኛው የእነሱ ልብስ ነው" ትሉታላችሁ። የ4 ዓመት ልጅ "ሰዓሊ" ብሎ ቢጽፍ ሳሙት እንጂ አታርሙት።

ልጃችን የተወለደው ውጭ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ቀድሞ አውቋል። ይምታታበታል?

አይምታታበትም፣ እንዲያውም መግቢያ ይሆነዋል። ቨርጂኒያም ሁኑ፣ ለንደንም፣ ዱባይም፣ ልጁ በእጁ ያለውን ይዞ ይምጣ። "ይሄ ዩ ነው!" ይላል ሀን ሲያይ። "ይሄ ደብልዩ ነው!" ይላል ሠን ሲያይ። "በእኛ ቤት ሌላ ስም አለው" በሉት።

ሁለት ፊደላት ላይ ግን ደስ የሚል ነገር ንገሩት። የእንግሊዝኛው ቲ እና የእኛ ተ ይመሳሰላሉ፣ ድምፃቸውም አንድ ነው። አጋጣሚ አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ከአንድ ጥንታዊ የሴም ምልክት ነው ሁለቱም የተወለዱት። የእንግሊዝኛው ኦ እና የእኛ ዐም እንደዚሁ ዘመዳሞች ናቸው፤ አያታቸው አንድ ዓይን ነው። ሁለት ቋንቋ ለሚናገር ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ እንደ አጎትና እንደ የአጎት ልጅ እጅ ለእጅ አያይዞ ይሣላቸው።

የውጭዎቹ እውነተኛ ችግር ሌላ ነው፣ ቃሉን አለማወቅ። ወንፊት አይቶ የማያውቅ ልጅ ወን ወንፊት ብትሉት አይረዳውም። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ምረጡ። ቡናው ሲፈላ ቡን፣ መሶቡ ሲቀርብ መን። አያት በቪዲዮ ሲደውሉ ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ያሳያቸው። እሳቸው "ምንድነው እሱ የኔ ጌታ?" ሲሉት የሚመልሰው በአማርኛ ነው። የእናንተ ማስገደድ አያስፈልግም።

ትምህርት ቤቱ ገጽ ሙሉ ሀ ጽፈህ ና እያለ ይልከዋል። ምን ላድርግ?

ብዙ ልጅ የያዘች መምህርት ያለችበትን ጫና አውቃለሁ፣ ስለዚህ በጭቅጭቅ አትሂዱ። ጠጋ ብላችሁ "ገጹን ከሚሞላ አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍና ከሥሩ ቢሥልበት ቅር ይልሻል?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እሺ ካላሉ ደብተሩን ይሙላ፣ እናንተ ግን ቤት ውስጥ ያንኑ አትድገሙበት። ቤት የቀለም ይሁን።

የሠዓሊ ሥራ ላሳያቸው? አይከብዳቸውም?

አይከብዳቸውም፣ ከትልልቆቹ ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ የማሳየው የብራና መጻሕፍትን ፎቶ ነው። በገጹ አናት ላይ እንደ ተክል እየተጠላለፈ የሚሄድ ጌጥ አለ፣ ሐረግ ይባላል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፣ አንዳንድ መስመርና የቅዱሳን ስም ግን በቀይ። ልጆቹ ቀዩን ፍለጋ ይገባሉ። ከዚያ የራሳቸውን ስም ጽፈው ከላዩ ሐረግ ይሥላሉ። ስማቸውን በቀይ ነው የሚጽፉት፣ ሁሉም።

ቀጥሎ ወሰነ ኮስሮፍ። አዲስ አበባ ተወልደው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ሠዓሊ ናቸው። የአማርኛ ፊደልን የሥዕላቸው ሁሉ መሠረት አድርገውታል። ፊደሎቹ ተለጥጠው፣ ተጣምመው፣ ጨፍረው ነው የምታዩዋቸው። እኛ ትልልቆቹ "ምን ይላል?" ብለን ለማንበብ እንታገላለን። ልጆቹ አይታገሉም። "ሰ እየሮጠ ነው" ይላሉ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም የመስታወት ሥራ አስቡ። ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ መስኮት ነው። በፎቶም ቢሆን አሳዩዋቸው፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ትንሹን ሥሩ። ካርቶን ላይ ፊደሉን ጽፋችሁ ውስጡን እናንተ ቁረጡላቸው፣ ቢላው የእናንተ ይሁን። ልጁ ከጀርባው ብርሃን የሚያስተላልፍ ባለቀለም የከረሜላ ወረቀት ይለጥፍ። መስኮት ላይ ስቀሉት። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ፊደሉ ወለሉ ላይ በቀለም ይወድቃል፣ ልጁም ላዩ ላይ ይቆምበታል።

የሠራቸው ወረቀቶች ቤቱን ሞሉት። ምን ላድርጋቸው?

ሁሉን ማስቀመጥ አትችሉም። በወር ሁለት ሦስቱን ምረጡ፣ እሱም አብሯችሁ ይምረጥ። አንዱን እሱ ቁመት ላይ ስቀሉት፣ እናንተ ቁመት ላይ አይደለም።

ለእንቁጣጣሽ ደግሞ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ልጆች የሣሉትን አበባ ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ የሚሰጡበት ልማድ አለን። አሁን አሁን የታተመውን ገዝቶ መስጠት በዝቷል፣ ያሳዝነኛል። ነሐሴ ላይ ጀምሩ። ልጁ አደይ አበባ ይሣል፣ በአንዱ ቅጠል ውስጥ እን ይደብቅ፣ የእንቁጣጣሽን እ። ጎረቤት ሲቀበለው "እዚህ ውስጥ ፊደል አለ፣ ፈልጊው" ይበላት። ሳንቲሙንም ያገኛል።

የምታስቀምጡት ላይ ግን ከጀርባው፣ በእርሳስ፣ ቀኑን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ "ንገረኝ" ስትሉት የነገራችሁን፣ ቃል በቃል።